በወንዙ ዳር የቆመችው እኅት

(ስለ ሕፃናት ማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ደስታና ፈተና፣ በአዊ ዞን ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)



ከእንጅባራና ከዳንግላ፣ ከየገጠሩም ቀበሌ ጭቃውንና ብርዱን ችላችሁ ስለ መጣችሁ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ዕድሜውን ለሕፃናት ማኅበራዊ አገልግሎት የሰጠ ሠራተኛ የሚያገኘው ደስታና የሚገጥመው ፈተና ምን እንደ ሆነ ነው። የምናገረውም ለሁለት ወገን ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁና ልትገቡበት ለምታስቡ ወጣቶች፣ እንዲሁም ሥራውን በጸሎትና በገንዘብ ለምትደግፉ ምእመናን። ሁለታችሁ በአንድ ነገር ላይ ካልተስማማችሁ በመካከላችሁ የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። ያም አንድ ነገር፣ የዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ፍሬ ፎቶግራፍ የማይነሣ መሆኑ ነው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 2 የተጻፈውን የሕፃኑን የሙሴን ታሪክ ሁላችንም ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ስንሰብከው ብዙ ጊዜ የምናነሣው እናቱን፣ ሣጥኑንና የፈርዖንን ልጅ ነው። ዛሬ ግን እኅቱን ልብ እንድትሉ እለምናችኋለሁ። ያች ልጅ በመጀመሪያ ወንድምዋ ምን እንደሚሆን ለማየት ራቅ ብላ ቆመች። ቀጥሎ በንጉሥ ልጅ ፊት ደፍራ ተናገረች። በመጨረሻም የምታጠባ ሴት እንድታመጣ ሲፈቀድላት የገዛ እናቱን ጠራች፤ ለእናቲቱም ደመወዝ ተቈረጠላት። እንግዲህ ማየት፣ መናገር፣ ሕፃኑን ከወገኑ ጋር ማገናኘት፣ ወገኑም ሊያሳድገው እንዲችል ማገዝ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ በሙሉ በዚህ ውስጥ አለ። በዚያ ምዕራፍ ግን የዚያች ልጅ ስም እንኳ አልተጻፈም።

ከረሃቡ ዘመን የተገኘ ትምህርት

በ1977 ዓ.ም. በአገራችን በደረሰው ረሃብ እጅግ ብዙ ሕፃናት ወላጆቻቸውን አጡ። አብያተ ክርስቲያናትና የርዳታ ድርጅቶችም ማሳደጊያ ከፍተው ልጆቹን ሰበሰቡ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወይዘሮ አበበች ጎበና ወደ ግሸን ማርያም በተጓዙ ጊዜ በረሃብ ከተጎዱት መካከል ሁለት ሕፃናትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስም የብዙ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ። ሞት በበር ላይ ቆሞ ሳለ ሕፃንን አንሥቶ መሮጥ ትክክል ነበር፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

ዓመታት ሲያልፉ ግን ሌላ ጥያቄ ተነሣ። በማሳደጊያ ያለ ልጅ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ይማራል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት በሩን ሲወጣ ግን ለዘመን መለወጫ ወደ ማን ቤት ይሄዳል? ሚስት ሲያጭ ማን ሽማግሌ ይልክለታል? ሲታመም ማን ያስታምመዋል? በአገራችን የእገሌ ልጅ መባል እንደ እንጀራ የሚያስፈልግ ነገር ነው። በዚያ ረሃብ ዘመን የተመሠረተው ኢየሩሳሌም የሕፃናትና የማኅበረሰብ ልማት ድርጅት ይህን ጥያቄ ከተመለከቱት አንዱ ነው፤ በማሳደጊያ ያሳድጋቸው የነበሩትን ልጆች ከጊዜ በኋላ ወደ ዘመድና ወደ ኅብረተሰብ መልሶ፣ ሥራውን ቤተሰብንና ማኅበረሰብን ወደ ማቋቋም አዞረ።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ስለ እምነቱ ብዙ የምንሰማለት ጆርጅ ሙለር በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የመጀመሪያውን የወላጅ አልባ ልጆች ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1836 ነበር። ሥራውን የወረሱት ሰዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1958 ትልልቆቹን ሕንጻዎች ለቅቀው ልጆቹን ቤተሰብ በሚመስሉ ትናንሽ ቤቶች ማሳደግን መረጡ። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ደግሞ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች በማሳደጊያ ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናትን ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ገቡ፤ ግማሾቹ የተለመደው እንክብካቤ ቀጠለላቸው። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮም በስሜትም ዕድገታቸው ተሽሎ ተገኘ፤ ይልቁንም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። ወተቱና ብርድ ልብሱ ብቻውን ያላስገኘውን ነገር የአንዲት ሴት ጭን አስገኝቷል።

በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. ሕፃናትን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ ወላጅ ያጣ ልጅ ቤት የሚያገኘው እዚሁ በእኛ መካከል ነው። ያንን ቤት ፈልጎ የሚያገኝ፣ አግኝቶም የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛው ነው።

ይህ ሥራ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ትምህርት የሚጠይቅ ሙያ መሆኑንም እንወቅ። በአዲስ አበባ የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግን ተዘጋ፤ ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደ ገና የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የ1977ቱ ረሃብ የመጣው ይህን ሙያ የሚያስተምር ቤት በተዘጋበት ዘመን ነበር። ዛሬ በዚህ ሙያ የሚመረቁ ወጣቶችን ስናይ ከእኛ በፊት ያገለገሉት ያላገኙትን ዕድል እንዳገኘን አንርሳ።

ሥራው በአዊ ምድር

አዊ ለም አገር ነው። ገብስና ድንች፣ ቀርከሃና ማር አለው፤ ሕዝቡም መተጋገዝን ያውቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር እስከ ዛሬ መቆየቱ ለዚህ ምስክር ነው። ሆኖም እዚህም የሚጎዱ ልጆች አሉ። በዓመት ውል ለሰው ከብት ለመጠበቅ የሚቀጠር ልጅ አለ። ትምህርቷን ሳትጨርስ የምትዳር ልጅ አለች። በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውራ ጎዳናም ገበያን ብቻ ሳይሆን ከቤታቸው የወጡ ልጆችን ያመጣል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች በቻግኒ አጠገብ በመጠለያ ተቀምጠው እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭትም በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቀረው ፊደሉ ብቻ አይደለም፤ ልጁን በየቀኑ የሚያየው የመምህሩ ዐይንም ይቀራል።

በእንዲህ ያለ ስፍራ ሠራተኛዋ ምን ታደርጋለች? ለምሳሌ እናቱ የሞተችበትን፣ በቅጥር እረኝነት ያለ የስምንት ዓመት ልጅ እናስብ። በመጀመሪያው ቀን ወረቀትና እርሳስ አታወጣም። ፈረስ የሚገራ ሰው ውርንጭላውን በድንገት አይይዘውም፤ ድምፁን ያስለምደዋል። እርስዋም እንዲሁ ከልጁ ጋር ከከብቶቹ አጠገብ ትቀመጣለች። በአገውኛ ታናግረዋለች፤ ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲጠየቅ የልቡን ይናገራልና። ዘመድ አለህ ወይ ብላ አትጠይቀውም። ባለፈው ጊዜ ስትታመም ውሃ ያቀበለህ ማን ነው ትለዋለች። ከዚህ ጥያቄ ምናልባት አንዲት አክስት ትገኛለች።

አክስቲቱ ልጁን ትወድደዋለች፤ ነገር ግን ለራሴ ልጆች ያልበቃ ምን አበላዋለሁ ትላለች። አሁን የሠራተኛዋ ሥራ ይጀምራል። የእድሩን ዳኛ፣ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ታነጋግራለች። የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን እንዲመዘግብ ታደርጋለች። የሟች እናት መሬት ካለ የልጁ ድርሻ እንዳይጠፋ ትከታተላለች። አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው የድንች ዘርና አንዲት በግ ብቻ ይሆናል። ከዚያም ልጁ በገባ በሳምንቱ፣ በወሩ፣ በክረምቱ ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ ቤት የሚፈርሰው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ጎተራው በሚጎድልበት በሐምሌ ነውና።

ፈተናዎቹ

የመጀመሪያው ፈተና በሕግና በጉርብትና መካከል መቆም ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ይቀጣል። ነገር ግን ድግሱ ተደግሶ ጠላው ከተጠመቀ በኋላ ሠራተኛዋ ስትደርስ የምታገኘው ትናንት ቡና ያጠጧትን ጎረቤቶች ነው። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ ስለ ልጅቱ ዕድሜ የሚመሰክር ወረቀት አይገኝም። አባት ዐሥራ ዘጠኝ ናት ይላል፤ መምህሩ ዐሥራ አራት ይላል። ሠራተኛዋም ጋብቻው ከቆመ በኋላ በዚያው ቀበሌ መኖር አለባት።

በዚህ ረገድ በጎጃም ምድር ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቀው በሞሰቦ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. የተሠራው ብርሃነ ሔዋን የተባለው ፕሮግራም ያስተምረናል። በዚያ ሴት አማካሪዎች ልጃገረዶቹን በማኅበር ሰበሰቡ፣ ለትምህርት የሚያስፈልጋቸውን ሰጡ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ተወያዩ። ልጅቱ ሳትዳር በፕሮግራሙ ከቆየች ቤተሰቡ አንድ በግ ይሰጠው ነበር። በጥናቱ መጨረሻ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ዓመት የሚሆናቸው ልጃገረዶች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ ይልቅ በትምህርት ቤት በዝተው፣ ጋብቻውም እጅግ አንሶ ተገኘ። ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ለሆኑት ግን ይህ ውጤት አልታየም። እንግዲህ መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ አባት ልጁን በቤት ለማቆየት የሚያስችለው ምክንያት ይፈልጋል፤ ሥራውም ቀደም ብሎ መጀመር አለበት።

ሁለተኛው ፈተና ምስጢር መሸከም ነው። ሠራተኛ በልጆች ላይ የተደረገውን ክፉ ነገር ይሰማል፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣውን ነገር ይሰማል። በዚህ ላይ ለእኛ ለምእመናን ግልጽ ቃል እናገራለሁ። የአንዲት ልጅን መደፈር በጸሎት ጉባኤ በስምዋ እየጠራን ጸልዩላት ስንል፣ በማግሥቱ ወሬው ገበያ ይደርሳል። እግዚአብሔር ስምዋን ሳንነግረው ያውቃታል። እኛ ግን ነገሩን ካወራን በኋላ ልጅቱ ውሃ ለመቅዳት በወጣች ቁጥር የሰው ዐይን ይከተላታል። ሠራተኛው ዝም ሲል ትዕቢተኛ ነው አትበሉት፤ ልጅቱን በዝምታው እየጠበቃት ነው። ለሠራተኛውም ቢሆን የሰማውን ብቻውን እንዳይሸከም ጉዳዩን በአደራ የሚያማክረው የበላይ ሰው ሊኖረው ይገባል። አለዚያ ልቡ ወይ ይደነድናል ወይ ይሰበራል።

ሦስተኛው ፈተና የእኛው የደጋፊዎች አቈጣጠር ነው። ስንት ልጆች ሰበሰባችሁ? ስንት ደብተር አደላችሁ? ፎቶግራፉስ የታለ? እንላለን። ሰጪው ገንዘቡ ከልጁ እጅ እንዲደርስ መፈለጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሠራተኛ ደመወዝ፣ የዝናብ ካፖርትና የመንገድ ወጪ ሲነሣ ይህ የቢሮ ወጪ ነው፣ ለልጆቹ አይደለም ሲባል እሰማለሁ። ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 1 መጨረሻ ስለ ንጹሕ አምልኮ ሲናገር ያነሣው ወላጅ የሌላቸውን በመከራቸው መጠየቅን ነው። መጠየቅ ደግሞ በእግር የሚደረግ ነገር ነው። እግሩን ካልከፈልን ማን ይጠይቃቸዋል? አንድ ሠራተኛ ለመከታተል ከሚችለው በላይ ብዙ ልጆች ሲሰጡት ያው ጥየቃ የስም ዝርዝር ማንበብ ይሆናል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ደመወዝ አንሶት ሲለቅቅም ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ሰው ያጣል።

አራተኛው ፈተና ከእምነታችን ጋር የተያያዘ ነው። በአዊ አብዛኛው ጎረቤታችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። ለሕፃን የሚሰጥ ዱቄት ለእምነት መግዣ ከሆነ፣ ወንጌልንም ሕፃኑንም እናሳፍራለን። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለውጭ አገር አጋሮችዋ በጻፈችው ደብዳቤ የወንጌል ስብከትና ሰውን የመርዳት ሥራ ሊነጣጠሉ እንደማይገባ አስረድታ ነበር። ሰው ሙሉ ነውና። ታዲያ አለመነጣጠል ማለት አንዱን ለሌላው ማጥመጃ ማድረግ አይደለም። ወንጌል ያደረብን ሰዎች ከሆንን ልጁን የማን ልጅ ነህ፣ የት ትጸልያለህ ሳንል እንረዳዋለን። የደብሩን ቄስና የእድሩን ሽማግሌም እንደ ሥራ ባልደረባ እናከብራለን። ልጁን ለማሳደግ የሚቀርበው ቤት ብዙ ጊዜ የእነርሱ ምእመን ቤት ነው።

ደስታዎቹ

ይህን ሁሉ ፈተና ሰምታችሁ ሰው ለምን በዚህ ሥራ ይቆያል ትሉ ይሆናል። ደስታው ስለሚበልጥ ነው። ነገር ግን ትንሽ ስለሆነ ማየትን ይጠይቃል።

ወደ አዲስ ቤት የገባ ልጅ በመጀመሪያ እንግዳ ነው። የቀረበለትን በልቶ ዝም ይላል፤ ሳይጠሩት አይመጣም፤ ከማንም ጋር አይጣላም። አንድ ቀን ሠራተኛዋ ስትሄድ ልጁ ከአክስቱ ልጅ ጋር በእንጀራ ጠርዝ ሲጣላ፣ ወጥ ጨምሪልኝ ሲልም ታገኘዋለች። ሌላ ሰው ቢያይ ባለጌ ልጅ ይለዋል። እርስዋ ግን በልብዋ እግዚአብሔርን ታመሰግናለች፤ ልጁ ቤቱ ገብቷልና። ይህን ደስታ ለማንም ለማስረዳት ይቸግራል፤ የወር ደመወዝም አይገዛውም።

ሌላው ደስታ ትልልቆች ሰዎች ሲለወጡ ማየት ነው። ልጄን አልሰጥም ብሎ የተቈጣ አባት ከሁለት ዓመት በኋላ የልጁን የፈተና ውጤት ይዞ ደጃፍ ሲቆም፣ ራሱ ለጎረቤቱ መካሪ ሲሆን ማየት ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሽማግሌ ከተለወጠ ሠራተኛዋ ፈጽሞ የማታውቃቸው ልጆች ይድናሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ደስታ ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ የሆነ ደስታ ነው። ይኸውም መረሳት ነው። ልጁ አድጎ፣ ሠርቶ፣ የራሱን ጎጆ ወጥቶ ስለ አስተዳደጉ ሲጠየቅ አክስቴ አሳደገችኝ ይላል። ስለ ሠራተኛዋ አያነሣም። በክረምት ጭቃ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰች አያውቅም። ይህ ውለታ ቢስነት አይደለም። ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው። ዕድሜውን ሁሉ ድርጅቱን እያመሰገነ የሚኖር ልጅ አሁንም ተረጂ ነው፤ አክስቱን የሚያመሰግን ልጅ ግን ልጅ ሆኗል። ይህን ሊደሰትበት የሚችል ሰው ወደዚህ ሥራ ይምጣ።

ከእናንተ የምንለምነው

ለአጥቢያ ጉባኤዎች ሦስት ነገር አሳስባለሁ። በመጀመሪያ፣ ለሪፖርት የምትጠይቁትን ጥያቄ ለውጡ። ስንት ልጆች ሰበሰባችሁ ከማለት ይልቅ፣ አምና ቤት የገቡት ዘንድሮም በዚያው ቤት አሉ ወይ በሉ። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሪፖርት ሥዕል ላይኖረው ይችላል፤ እውነት ግን ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ የሠራተኛን ደመወዝና መጓጓዣ ለሕፃኑ እንደ ተሰጠ ስጦታ ቍጠሩት። ለልጅ ጫማ የምንገዛ ከሆነ፣ ልጁን ለመጠየቅ ለምትሄደው ሠራተኛም ጫማ እንግዛ። ሦስተኛ፣ ከመካከላችሁ ልጅ ለማሳደግ ቤታቸውን የሚከፍቱ ሰዎችን ፈልጉ፤ የከፈቱትንም በጭብጨባ አሰናብታችሁ አትተዉአቸው። በሐምሌ እህል፣ በመስከረም ደብተር ያስፈልጋቸዋል። እናት ስትታመም ልጆቹን የሚይዝላት ጎረቤትም ያስፈልጋል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ፣ ማስታወሻችሁን በሚገባ ጻፉ፤ ቆልፋችሁም አስቀምጡ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ልጁን ያንኑ የሚያሳምም ጥያቄ እንደ ገና እንዳይጠይቀው ይረዳል። በዕረፍት ቀናችሁ ዕረፉ። የደከመ ሰው ቸኩሎ ይፈርዳል፤ በችኮላ የተፈረደበት ሕፃን ደግሞ ይግባኝ ማለት አይችልም። የማትችሉትን ነገር ለልጅ ቃል አትግቡ። ማክሰኞ እመጣለሁ ካላችሁ ማክሰኞ ሂዱ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ቃላቸውን ያጠፉበት ልጅ በሰው ላይ እምነቱ የሚመለሰው በአንድ ትልቅ ስጦታ ሳይሆን በብዙ ተራ ማክሰኞዎች ነው።

በዚህ ሥራ ልትገቡ ለምታስቡ ወጣቶች የምለው አጭር ነው። ሀብት አታገኙበትም። ስማችሁም በብዙ ስፍራ አይጻፍም። ነገር ግን በዚህ ምድር በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ እራቱን በልቶ ከእኅት ወንድሞቹ ጋር ተጋፍቶ ይተኛል፤ እናንተ ባትሄዱ ኖሮ በሰው ከብት በረት ያድር የነበረ ልጅ። ይህን ማወቅ የሚበቃችሁ ከሆነ ኑ፣ ሥራው ብዙ ነው።

ወላጅ የሌላቸው አባት የሆነው አምላክ በዚህ አገልግሎት ያላችሁትን ሁሉ ያበርታ። በየቤቱ ለሚያድጉት ልጆች ሰላምን፣ ለአገራችንም ዕርቅን ይስጥልን። አሜን።